ሰናይትን ያስከለከለኝ ቅድመ አያቴ

ድካም ማለት ዘመድ ፍለጋ ነው፤ እኔን ጠይቁኝ። ላገባት የምፈልጋት የሰናይት አባት ጋሽ ተፈራ፣ ካርቲየ 7 ቢስ በሚባለው የጅቡቲ ሰፈር ቅመም የሚሸጡት፣ «ዘመድ ለሌለው ሰው ልጄን አልሰጥም። ሂድና ወገን አምጣ!» አሉኝ። ጅቡቲ ውስጥ የማውቀው ዘመድ ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በባቡሩ ሥራ ዘመን ሚስቱን ጥሎ ከአገር ቤት ወደዚህ የጠፋው ጣተ ቆራጣው ቅድመ አያቴ ጓንጉል። ካርቲየ 5ን ቤት ለቤት ዞርኩት። በዚያ ሙቀት ያፈሰስኩት ላብ ባሕሩን ከፍ አድርጎታል፤ ያላመነ ወደብ ወርዶ ይለካ። በመጨረሻ አንዲት አሮጊት ደጃፍ ላይ ዘፍ ብዬ ስለ ጓንጉል ጠየቅኩ።

«ጓንጉል? ያ አውራ ጣቱን ሐዲድ የቆረጠበት?» አሉኝ እማማ።

«እሱ ነው! ዘር አለው?»

«እዚሁ አግብቶ ወልዶ የለም እንዴ! የልጅ ልጁ ተፈራ ቅመም ይሸጣል።»

የሰናይት አባት ማለት ነው! በእኛ ዘንድ እስከ ሰባት ቤት አይጋቡም፤ እኔና ሰናይት ደግሞ ሦስተኛው ላይ ተገናኘን። ዝም ልል አስቤ ነበር፤ ግን እማማ እልል እያሉ ቀድመውኝ ጋሽ ተፈራ ሱቅ ደረሱ። ጋሽ ተፈራ አንገቴ ላይ ተጠምጥመው አለቀሱ። «የሥጋዬ ቁራጭ! ሰናይት፣ ነይ ወንድምሽን ሳሚ!»

ስመኘው የኖርኩት መሳም እንግዲህ መጣ፤ ግንባሬ ላይ።