ጸጉር የማይነጭ እጅ

የተወደድሽ አክስቴ ኦርፋ፣

ስለ እጅ ጽሑፌ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ፊደሎቼ ዝናብ እንዳባረራቸው ዶሮዎች ተበታትነዋል፤ ስህተቱም ብዙ ነው። ስድስተኛ ክፍልን እንደምንም ጨርሳ ከእናቷ ጋር ማጠቢያ ገንዳ ላይ የተጎነበሰች ልጅ ከዚህ የተሻለ ከየት ታመጣለች? ይቅርታ የምጠይቀው ደግሞ አንቺን ብቻ አይደለም። ዓይንሽን ሞራ ከጋረደው ወዲህ ደብዳቤ የሚያነቡልሽ ሴት ልጅሽ ናቸውና ድካሙ የእሳቸው ነው። የአጣቢዋ የሃቲ ልጅ ቬርሊ ይቅርታ ትላለች በያቸው። ለነገሩ እየሰሙ ነው... እያነበቡ ማለቴ ነው።

ይህን ጥቅል ያመጣልሽ ፖስተኛው ሚስተር ራስክ ነው። ከአንቺ እጅ በቀር ለማንም እንዳይሰጥ ለምኜዋለሁ። ደብዳቤው ተነብቦ እስኪያልቅ በረንዳሽ ላይ አረፍ ይበል፤ መልስ ካለሽ ይዞልኝ ይመጣል። እግሩን ያመዋል፣ ደግሞም አሬራሽን ይወዳል። ጥቅሉን ግን ገና አትፍቺው። ደብዳቤውን ከላይ ያሰርኩት ለዚሁ ነው።

ከተማው ደህና ነው፤ ከኑሮው በቀር። እንቁላል ደርዘኑ ሰባ ሳንቲም ገባ፣ ዳቦው አሥራ ስድስት። በአምስት ሳንቲም የቀረው ቡና ብቻ ነው፤ አምስት ሳንቲሙን የጣለ ሰው ደግሞ እኔ ከምሠራበት ባንኮኒ አይነሳም። ከኮሪያ የተመለሱት ልጆች ጦርነቱን ያወራሉ፣ ሴቶቹ የለንደኗን ንግሥት ዘውድ ያወራሉ፣ እኔ ሰሃን አነሳለሁ። አለቃዬ ሚስተር ፔልፍሪ «ቬርሊ፣ ካንቺ የጨው ዕቃው ይሻላል፤ እሱ ሲነቀንቁት እንኳ ድምፅ ይሰጣል» ይለኛል። ምን ላድርግ? ሰው ፊት ስቆም ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ ይቀራል። ይህን ጠባዬን ልጅሽም ያውቁታል... ደህና አድርገው ያውቁታል።

ባለፈው ቅዳሜ አርባ ሳንቲም ከፍዬ ያንን በካርቶን መነጽር የሚታየውን አዲስ ዓይነት ፊልም አየሁ። ከመጋረጃው የተወረወረ ድንጋይ ግንባርሽን የሚልሽ ይመስልሻል። አጠገቤ የነበረው ሰውዬ ጎንበስ ሲል ፈንዲሻውን በሙሉ ደፋብኝ። መነጽሩን ስታወልቂ ግን ምንም የለም፤ ጨርቅ ብቻ። የሌለውን እንዳለ አድርጎ ማሳየት የዘመኑ ጥበብ ነው ይላሉ የከተማ ሰዎች። እኛ ሸለቆ መጥተው ቢያዩ... እዚያ ያለ መነጽርም ይቻላል።

አንቺን ለማየት ሦስት እሑድ ተከታትዬ መጥቻለሁ። ሦስቱንም ልጅሽ በሩ ላይ ቆመው «ተኝታለች» አሉኝ። ከቀኑ በስምንት ሰዓት! እንዲህ ያለ እንቅልፍ የሰጠሽ አምላክ ይመስገን። በሦስተኛው እሑድ እንዲያውም ተኝተሽ ስትዘፍኚ ሰማሁሽ።

ድምፅሽ የመጣው ከጓሮ በረንዳው በኩል ነበር። አልጋሽ ወደዚያ ዞረ አሉ፤ ለአዲሱ የኤሌክትሪክ ልብስ ማጠቢያ ከቧንቧው አጠገብ ያለው ክፍልሽ ስለተስማማው። ማሽን ብርድ አይችልማ! አንቺ ግን ጠንካራ ነሽ። ቴሌቪዥንም ገብቷል ሲሉ ሰማሁ። አቤት ልጅ መውለድ! እናቴ ዓይኗ ደከመ ብለው የሚታይ ነገር ገዙልሽ። ለእሱ ብለው ራዲዮሽን ቢሸጡት ምን ይደንቃል? ላም አለኝ በሳሎን፣ ወተቷንም አላይ። ደግሞ አይቆጭሽ፤ ተራራው ሞገዱን እየጋረደበት፣ በጋም ክረምትም በረዶ የመሰለ ነጭ ነጠብጣብ ብቻ ነው የሚያሳየው ብሎኛል ሚስተር ራስክ።

ስለ ማጠቢያው ግን ከልቤ እንኳን ደስ ያለሽ። የመቶ ሃምሳ ዶላር ዕቃ በአንድ ዓረፍተ ነገር! የሳሙናው ኩባንያ «ይህን ሳሙና የምወደው...» ብሎ ጀምሮ፣ ቀሪውን ከሃያ አምስት ቃል ሳታስበልጡ ጨርሱና ከሰማያዊው ካርቶን ክዳን ጋር ላኩ ሲል፣ ሸለቆው ሁሉ ጻፈ። የሰባኪው ሚስት እንኳ በግጥም ጻፈች። ያሸነፉት ግን ልጅሽ ናቸው። ለመሆኑ ዓረፍተ ነገሩን አንብበውልሻል? ስለ እናት እጅ ነው እኮ! በጋዜጣው ስድስተኛ ገጽ ላይ፣ በቆርቆሮ ከታሸገ የኮክ ፍሬ ማስታወቂያ ሥር፣ ከነፎቷቸው ወጥቷል። ካላነበቡልሽ ከትሕትና ነው፤ ራሳቸውን ማመስገን አይወዱም። እንግዲያውስ እኔ ገልብጬልሻለሁ። በራሳቸው አንደበት ስሚው፦

«ይህን ሳሙና የምወደው፣ እናቴ በእሱ ማጠብ ከጀመረች ወዲህ፣ ጠዋት ጸጉሬን ስትጎነጉንልኝ የተሰነጣጠቀ እጇ ጸጉሬን መንጨት ስለተወ ነው።»

ደግመው ያንብቡልሽ። አያምርም?... እስቲ አክስቴ፣ የልጅሽን ጸጉር ለመጨረሻ ጊዜ የጎነጎንሽው መቼ ነው? እኔ ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ የማውቃቸው ጆሯቸው ላይ ተቆርጦ፣ በየሦስት ወሩ በሁለት ዶላር መድኃኒት እንደ በግ ጠጉር በተጠቀለለ ጸጉር ነው። ያምርባቸዋል። ያንቺስ እጅ መቼ ተሰነጣጠቀ? የቤተ ክርስቲያኑን ኦርጋን ሠላሳ ዓመት የመታ፣ እንደ ቅቤ የለሰለሰ እጅ! ልብስሽን ስታጥብልሽ የኖረችው እማዬ አይደለችም? የእምዬን እጅ ወደ አክስቴ ልክክ... ግን ፍቅር ነው። ፍቅር የሌለውን ያያል።

ይህ ነገር አንዲት ልጅ አስታወሰኝ። እጅ ጽሑፏ እንደኔው የከፋ ነው። እሷም ለውድድሩ አንድ ነገር ጽፋ ነበር አሉ። ዳኞቹ ፊደሏን አይተው እንዳይስቁባት ፈራችና፣ የማዕድን ማውጫው ቢሮ ውስጥ የሚሠሩ፣ ፊደላቸው እንደ ዶቃ የተሰካ አንዲት ወይዘሮ ዘንድ ሄደች። ወይዘሮዋም «አይዞሽ የኔ ማር፣ እኔ በደህና ወረቀት ገልብጬ እልክልሻለሁ» አሏት። ቃላቸውንም ጠበቁ። ገለበጡ፤ አንድ ቃል አልጨመሩ፣ አንድ ቃል አልቀነሱ። ላኩም። የለወጡት ነገር ቢኖር ከሥር ያለውን ስም ብቻ ነው። ስም ደግሞ ምን ያደርጋል? ሃያ አምስቱ ቃል ውስጥ አይቆጠርም።

ለዚህ ነው የዛሬውንም ደብዳቤ ሳያዛንፉ እንደሚያነቡልሽ የማምነው። ሰው የጻፈውን እንዳለ ማቅረብ የታወቁበት ሙያ ነው። ድምፃቸው ከደከመ ውሃ ስጫቸው። ውሃውም ካልረዳ ሚስተር ራስክ በረንዳው ላይ ነው፤ መነጽሩንም ይዟል።

የፊታችን ቅዳሜ ቻርልስተን ከተማ ወደ ራዲዮ ጣቢያው ሊወስዱሽ ነው አይደል? የሳሙናው ኩባንያ ፕሮግራም አቅራቢ ሕዝብ ፊት ያስቀምጥሽና የልጅሽን ጸጉር ትጎነጉኛለሽ፤ ፎቶ አንሺውም ይጠብቃል። አዲስ ቀሚስ ተገዝቶልሻል ሲሉኝ ደስ አለኝ። በደስታ ብዛት እንቅልፍ እንዳጣሽም ሰማሁ፤ ልጄ ስለ እጄ ጻፈች እያልሽ ለሰው ሁሉ ትናገሪያለሽ አሉ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ልጅሽ ግን ብልህ ናቸው፤ ሁለቱንም በጊዜ አወቁት። ባለፈው ማክሰኞ ባንኮኒዬ ድረስ መጡ።

የአሥራ አምስት ሳንቲም የፖም ኬክ አዘዙ፤ አልነኩትም።

«ቬርሊዬ» አሉኝ፣ «ጸጉርሽ እኮ ከኔ ጋር አንድ ቀለም ነው። ልብ ብለሽው ታውቂያለሽ?»

ባንኮኒውን ወለወልኩ።

«ወጣት ነሽ፣ መልሶ ይበቅልልሻል። የዛሬ ሴቶች ሁሉ አጭር ነው የሚቆረጡት፤ ተዋናዮቹን አታዪም? ለራሴ መሰለሽ? ለእማማ ደስታ ብዬ ነው። አንዴ ፎቶ ልንነሳ ነው። በቃ። ስለ ሌላው ነገር... አሁን አናንሳው፣ እሺ የኔ ማር?»

ከሰሃኑ ሥር አምስት ዶላር ትተው ተነሱ። የጨው ዕቃው እንኳ ቢሆን አንድ ነገር ይል ነበር። እኔ «ቡና ልጨምርልዎ?» አልኳቸው።

አሁን ጥቅሉን ፍቺው አክስቴ። እጅሽን አስገቢ። አትደንግጪ፣ ለስላሳ ነገር ነው። ከላይ እስከ ታች ዳስሺው፤ ጫፉ ላይ ያለውን ክር ያሰረችው እማዬ ናት፣ አልፈታሁትም። አምስቱን ዶላርም በክሩ ጠቅልዬ መልሻለሁ፤ ስጦታ አይሸጥም። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚሉ ሰዎች የሰው ጸጉር አልሞከሩም። በባርኔጣ ሥር ቢያያዝ ማን ይለየዋል? ሕዝቡ አይለየውም፣ ፎቶ አንሺውም አይለየውም። ትንሽ ልጅ ሳለሁ ከኦርጋኑ አጠገብ አስቀምጠሽኝ መዝሙር እስኪጀመር ስትጎነጉኚልኝ የነበርሽው አንቺ ግን... ያንቺ ጣት ይረሳል እንዴ? ለማንኛውም ቅዳሜ ስትይዢው ቀስ ብለሽ ያዢው።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። እስከ ዛሬ ለማንም፣ ለእማዬም አልተናገርኩትም። ያቺ ልጅ እኔ መሆኔን ማለቴ አይደለም፤ እሱንማ ገና ጥቅሉን ሳትፈቺ አውቀሽዋል። ዓረፍተ ነገሩ ውሸት ነበር። ያ ሳሙና ቤታችን ገብቶ አያውቅም፤ ሠላሳ አንድ ሳንቲም ከየት? እማዬ እስከ ዛሬ የምታጥበው ራሷ በምትቀቅለው የአመድ ሳሙና ነው። ሰማያዊውን ክዳን ያነሳሁት ከእናንተው ቆሻሻ ቅርጫት ነው። የእማዬ እጅ ጸጉሬን መንጨት አልተወም ነበር። በየጠዋቱ ይነጨኝ ነበር፤ እንዳታውቅብኝ ጥርሴን ነክሼ እቀመጥ ነበር። ዝምታ የተማርኩት እዚያ ነው። ማጠቢያው ከመጣላት እጇ ይድናል፣ ያን ጊዜ እውነት ይሆናል ብዬ አስቀድሜ ጻፍኩት።

ትናንት እሑድ ጠዋት እማዬ እንደ ልማዷ ማበጠሪያውን ይዛ ከኋላዬ ቆመች። ጸጉሬን መቆረጤን ረስታው ነው። እጇ አየር ላይ ቀረ። «ሾርባ ውስጥ እየገባ አስቸገረኝ» አልኳት።

እና ልጅሽን አመስግኚልኝ። በእሳቸው ደግነት ዓረፍተ ነገሩ እውነት ሆነ፤ የእማዬ እጅ ጸጉሬን መንጨት ተወ።

እግዚአብሔር ዕድሜያቸውን ያርዝመው። ዓይናቸው እስኪደክም ያኑራቸው። ያን ጊዜም አጠገባቸው ተቀምጣ ደብዳቤ የምታነብላቸው፣ እሳቸው አንቺን በሚወዱሽ ልክ፣ ሳትጨምር ሳትቀንስ የምትወዳቸው ልጅ ይስጣቸው። አሜን በይ አክስቴ... እሳቸውም ይበሉ።