ፎቅ ላይ ሦስት ጊዜ የተነበበው አንቀጽ

የምስክሩ ስም፦ ምስክሩ ባመለከተው መሠረት ለብቻ ተይዟል። በሰፈሩ «ቱንቢ» በመባል ይታወቃል።
ዕድሜ፦ 71
ሥራ፦ ጡረታ የወጣ ግንበኛ፤ በጥናት ሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ የኅብረተሰብ ተወካይ
አድራሻ፦ ከድንጋይ መጥረቢያው ሜዳ ጀርባ፣ ራሱ በሠራው ቤት
ቃሉ የተሰጠበት፦ ማክሰኞ ጠዋት፣ በጣቢያው የምርመራ ክፍል
ጉዳዩ፦ የመጠጥ ቤት ባለቤት «ተመራማሪዎች ሠራተኛዬን አባብለው አስኮበለሉብኝ» ሲል ያቀረበው አቤቱታ

እኔ ከላይ የተገለጽኩት ምስክር፣ ማንም ሳያስገድደኝ የሚከተለውን ቃል እሰጣለሁ።

በሙያዬ ግንበኛ ነኝ። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የለየሁት ከሲሚንቶ ከረጢት ላይ ነው። ቱንቢ የሚሉኝ የተጣመመ ግድግዳ አይቼ ስለማላልፍ ነው። በሰው ላይ የሚደረግ ጥናት ከመጀመሩ በፊት ሰው እንዳይጎዳበት የሚመረምር ኮሚቴ አለ። ከሐኪሞቹና ከሕግ አዋቂው ጋር አንድ ተራ ሰው እንዲቀመጥ ደንቡ ስለሚያዝ እኔ ተመርጬ እሠራለሁ።

አንዲት ሐኪም በወሲብ ሥራ የሚተዳደሩ ሴቶችን ጤና ለማጥናት ማመልከቻ አቀረበች። ጥናቱ ጠይቆ ከመሄድ በቀር ሕክምና ስለሌለው፣ ለማያክም ሰው ቁስል አይገለጥም በማለት ተቃወምኩ። በሚቀጥለው ስብሰባም ተቃወምኩ። በመጨረሻ የተስማማሁት በአንድ ሁኔታ ነው። የፈቃድ መጠየቂያው ጽሑፍ ሴቶቹ በሚኖሩበት ክፍል ጮክ ተብሎ ይነበብ፤ አንድ አንቀጽ ባለቀ ቁጥር የሰማችው ሴት በራሷ አነጋገር መልሳ ትናገር፤ እኔም በቦታው ተገኝቼ ልስማ አልኩ። ሰብሳቢው «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ጊዜ ይፈጃል» አለኝ። «ይፍጅ። ያልገባው ሰው እሺታ፣ እሺታ አይደለም» ብዬ መለስኩለት።

ባለፈው ሐሙስ ከቀትር በኋላ ከሐኪሟ ጋር ወደ መጠጥ ቤቱ ሄድን። ባለቤቱ ራሱ በፈቀደልን መሠረት ወደ ፎቅ ወጣን። ክፍሉ ሦስት አልጋ ይዟል፤ የመስኮቱ አንድ መስታወት ተሰብሮ በካርቶን ተደፍኗል። ሦስት ሴቶች አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል። ለእኔ የቢራ ሳጥን ገልብጠው ሰጡኝ። ከሦስቱ አንዷ ሳቂታ ነች፤ «አባባ፣ ፈተና ልትፈትኑን ነው ወይስ ልትድሩን?» አለችኝ። «ልሰማ ነው የመጣሁት» አልኳት።

ሐኪሟ ስለ ድምፅ መቅጃው የሚናገረውን አንቀጽ አነበበች። ሳቂታዋ በተራዋ መልሳ ስትናገር «ድምፄን ትወስዳላችሁ፣ ስሜን አትጠይቁኝም። ታዲያ ከደንበኛ በምን ተለያችሁ?» አለች። ሁሉም ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም፤ ጥያቄው ተገቢ ነበር። ሐኪሟም «መልሱን አስቤበት እመጣለሁ» አለች።

ቀጥሎ ጥናቱን ስለ ማቋረጥ የሚለው አንቀጽ ተነበበ። በተራዋ መልሳ መናገር የነበረባት በሩ አጠገብ የተቀመጠችው ናት። ቀስ ብላ እንዲህ አለች፦ «ስፈልግ ተነስቼ እሄዳለሁ። ለምን ብሎ የሚጠይቀኝ የለም። የነበረኝም አይወሰድብኝም።» ሐኪሟ ትክክል ነው አለቻት። እሷም «እስቲ ድገሚልኝ» አለች። ተደገመላት። «አንዴ ብቻ» አለች። ሦስተኛ ጊዜ ተነበበላት። ሳቂታዋ «ምነው እህቴ፣ መዝሙር አደረግሽው» ብትላትም ዞር ብላ አላየቻትም። ይህን አንቀጽ በኮሚቴው ብዙ ጊዜ አንብቤዋለሁ። በየማመልከቻው ግርጌ ስለማይጠፋ ዓይኔ ለምዶት ነበር። ሰው እንዲህ ሲሰማው ግን አይቼ አላውቅም።

በዚህ ጊዜ ባለቤቱ በሩን ከፍቶ ገባና «ወሬው በዛ። አንቺ፣ ውረጂ፤ ሰው እየጠበቀሽ ነው» አላት። ተነሳች። ከአልጋው ሥር አንድ ቦርሳ ስባ አወጣችና ፊቱ ቆመች። «አቋርጫለሁ» አለችው። ሳቀ። «ማን ፈቀደልሽ?» አላት። «ማንም። ፈቃድ አይጠየቅበትም። የያዝክብኝን መታወቂያ ስጠኝ» ብላ እጇን ዘረጋች።

ክንዱን በበሩ ላይ ጋርዶ ስድብ ጀመረ። ስድቡን እዚህ አልደግመውም። እኔ ለመነሳት ስል በሌላኛው እጇ ተቀመጥ የሚል ምልክት ሰጠችኝና ተቀመጥኩ። የዘረጋችውን እጇን አላጠፈችም፤ ድምፅዋም ከፍ አላለም። የቀሩት ሁለቱ መሳቅ ትተው ተነስተው ቆመው ነበር። ሰውየው ዓይኑን ከእሷ ወደ እኛ፣ ከእኛ ወደ እሷ ሲያመላልስ ቆየ። ከዚያ ከኪሱ መታወቂያውን አውጥቶ እጇ ላይ አኖረ፤ ክንዱንም አወረደ። ደረጃውን ስትወርድ ኮቴዋን እስከ መጨረሻው ሰማሁት።

አርማታ ሲሞላ ከሥር የሚደግፈውን እንጨት ካሳፎርማ እንለዋለን። እንጨቱ በሚነቀልበት ቀን ሠራተኛው ሁሉ ትንፋሹን ይይዛል፤ ጣሪያውም በራሱ ይቆማል። ዕድሜዬን ሙሉ አይቼዋለሁ፣ አንድም ቀን ግን አልለመድኩትም። ሐሙስ ዕለት ያንኑ አየሁ፤ ልዩነቱ ከሥሯ የደገፋት እንጨት አለመኖሩ ነው።

ሐኪሟ ሴትየዋ እንድትኮበልል አባብላታለች ወይ ተብዬ ተጠየቅሁ። አላባበለችም፤ የጸደቀውን ጽሑፍ ብቻ አነበበች። እንዳልኳችሁ፣ ጮክ ተብሎ ይነበብ ያልኩት እኔ ነኝ። ጥፋት ከተባለ የሚጠየቀውም እኔው ነኝ።

የሴትየዋን ስምና ያለችበትን ቦታ ተጠየቅሁ። አውቃለሁ፤ እሱንም ሆነ እንዴት እንዳወቅሁ አልናገርም። መርማሪው ስለ ጥናቱ ተሳታፊዎች ምስጢር ልጠብቅ ቃል መግባቴን ከሰማ በኋላ ሴትየዋ ፈርማለች ወይ ሲል ጠየቀኝ። ሳትፈርም ነው የሄደችው። «እንግዲያው አባባ፣ ተሳታፊ ካልሆነች ምስጢሩ እሷን አይመለከትም» አለኝ። የፈቀደችውን ሴት ስም የምሸሽግ ሰው፣ ያልፈቀደችውን አሳልፌ ልሰጥ ነው? ለመተባበር ፈቃደኛ አይደለም ተብሎ እንደሚመዘገብ፣ ልታሰር እንደምችልም ተነገረኝ። ይመዝገብ አልኩ። ነገር ግን እሷ የተናገረችው በራሷ አነጋገር፣ ቃል ሳይጎድል አብሮ እንዲጻፍ ጠየቅሁ፤ ተጽፏል።

ቃሌ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጮክ ተብሎ እንዲነበብልኝ አድርጌያለሁ። መርማሪው «ስፈልግ ተነስቼ እሄዳለሁ» ከሚለው ሲደርስ፣ ሳልጠይቀው ሁለት ጊዜ አነበበው። ይህም ይጻፍልኝ ብዬ ተጽፏል።

ያየሁትና የሰማሁት ይኸው ነው፤ አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክሩ ፊርማ ____________
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ____________