ሕያው ታኮ

የትምህርት ቤታችንን ሚኒባስ እየነዳሁ ስመለስ ሞተሩ ከረጅሙ ቁልቁለት አናት ላይ ድንገት ጠፋ። ማለዳ ነበር፤ ዝናቡም አላባራም። ከአንድ ሰዓት በላይ ከቆምኩ በኋላ ባዶ ተሳቢ የሚጎትት አሮጌ መኪና አጠገቤ ቆመና አንድ አዛውንት ሹፌር ወረዱ። በዚያ መንገድ ሠላሳ ዓመት የተበላሹ መኪኖችን ያመላለሱ፣ ቋጠሯቸው የማይፈታ የተባለላቸው ሰው መሆናቸውን የነገረኝ አብሯቸው የመጣው አማቻቸው ነው። የዚህ ሰው ሚስት፣ የአዛውንቱ ልጅ፣ ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ከተመረቀች ገና ዓመት ያልሞላት መካኒክ፣ እሷም አብራቸው ነበረች።

ሚኒባሱ ተጎትቶ ተሳቢው ላይ ወጣ። አዛውንቱ አንድ ወፍራም ገመድ ከፊት መከላከያው ወደ ተሳቢው ብረት፣ ሌላውን ደግሞ ከኋላ አሰሩ። ሲጨርሱ አማቻቸው ማንም ሳያዘው ሚኒባሱ ውስጥ ገብቶ ከመሪው ኋላ ተቀመጠ። ምን ሊያደርግ እንደሆነ ጠየቅሁ። ቁልቁለቱን ስንወርድ የተጫነው መኪና እንዳይንሸራተት ፍሬን ረግጦ የሚሄድ ሰው እንደሚያስፈልግ፣ በሥራው ላይ ያሉ ሰዎችም ይህን ሰው «ሕያው ታኮ» እንደሚሉት አስረዱኝ።

«ታኮ እንኳ ጎማ ሥር ነው የሚገባው፤ እኔስ ወንበር አግኝቻለሁ» አለ አማችየው እየሳቀ።

ሚስቱ አልሳቀችም። «አባባ፣ ባሌ እዚያ ውስጥ ተቀምጦ አይወርድም» አለች።

«ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች አሉ» አሉ አዛውንቱ ወደ እኔ ዞረው፣ ምስክር የሚፈልጉ ይመስል።

ልጅቱ ግን ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ ምክንያቷን ትዘረዝር ጀመር። ገመዱ የታሰረው በመኪናው አካል ላይ እንጂ በጎማዎቹ ላይ እንዳልሆነ፣ አካሉ ደግሞ በብረት ሞላ ላይ ስለተቀመጠ መንገዱ ባንገጫገጨው ቁጥር ዝቅ ከፍ እያለ ገመዱን እንደሚያላላው፣ የረጠበ ገመድም በራሱ እንደሚለጠጥ ነገረቻቸው። ከዕቃ ሳጥኗም ባለ ጥርስ መወጠሪያ ያላቸውን አራት ሰፋፊ ቀበቶዎች አወጣች። አባቷ አንዱን በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው አዩትና፣ ይሄ የሕፃን ማዘያ ነው ብለው መለሱላት።

ሽማግሌው ግትር ብቻ መስለውኝ ነበር። ስህተቴ የገባኝ ቀጥሎ የተናገሩትን ስሰማ ነው።

«የሰው እግር ያስተውላል፤ ያንቺ ጨርቅ ምን ያስተውላል? አጎትሽ እዚሁ ቁልቁለት ላይ እስከ መጨረሻዋ ሰዓት እግሩን ከፍሬኑ አላነሳም። ሬሳውን ስናወጣ እንኳ እንደረገጠ ነበር። ቀኑ ደርሶ ሞተ እንጂ ሥራውን አላጓደለም።»

ከአሥራ ስምንት ዓመት በፊት ታናሽ ወንድማቸው በተጫነ መኪና ውስጥ ፍሬን ይዞ ሲወርድ፣ መኪናው በኩርባው ላይ ከተሳቢው ተንሸራቶ ገደል ገብቶ ነበር። «ቀኑ ደርሶ» የሚለው ቃል ሐዘንተኛን ያጽናናል። ነገር ግን በሁለተኛው ሰው መቃብር ላይም ያንኑ ቃል እንድንደግም የሚያደርገን፣ በመጀመሪያው ላይ ከተናገርነው በኋላ ምንም አለመጠየቃችን ነው።

ልጅቱ ጥቂት አመነታችና፣ «አጎቴ ፍሬኑን ረግጦ ከነበረ ታዲያ መኪናው ለምን ተንሸራተተ?» አለች።

አዛውንቱ ወደ ጋቢናው ዞሩ። እሷም ከመንገዱ ዳር ባለው ሜዳ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲሞክሩላት ለመነቻቸው። ባሏን አስወረደች፤ በእሱ ምትክ አንድ ወፍራም እንጨት በወንበሩና በፍሬኑ መርገጫ መካከል ወጥራ አቆመች። ከቦርሳዬ ጠመኔ ሰጠኋት። የተሳቢውን ወለል በጨርቅ አድርቃ፣ ከጎማው ጎን እስከ ወለሉ ድረስ አንድ ቀጥ ያለ መስመር አሰመረች። አዛውንቱ ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ነዱና፣ እንደነገረቻቸው በድንገት ፍሬን ያዙ። የብረት ግጭት ሰማን።

ወርደው መጡ። ገመዱ እንደ ልብስ ማስጫ ረግቧል። የሚኒባሱ አፍንጫ የተሳቢውን የፊት ብረት ነክቷል። ጎማው ላይ ያለው መስመር እንደተሰመረ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ወለሉ ላይ ያለው ግን ሁለት ስንዝር ወደ ኋላ ቀርቷል። ጎማው አልዞረም፤ ፍሬኑ ይዟል። መኪናው የሄደው ከእነ ፍሬኑ ተንሸራቶ ነው።

አዛውንቱ በመስኮቱ አጎንብሰው እንጨቱን ለረጅም ጊዜ አዩ።

«ይሄም እግሩን አላነሳም» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያም «ወንድሜን የገደለው ቀኑ አይደለማ። የኔ ቋጠሮ ነው» አሉ።

«ያኔ የነገረዎት ሰው አልነበረም፣ አባባ።»

«አልጠየቅሁማ።»

ያሸነፈችው ልጅ ፊቷን ወደ ገደሉ አዙራ ታለቅስ ነበር፤ አባቷ ግን ቀበቶዎቹን ከመሬት አንሥተው፣ የት እንደሚገባ አሳዪኝ አሏት። እሷም አሳየቻቸው፦ በእያንዳንዱ ጎማ ላይ አንድ ቀበቶ፣ የፊቶቹ ወደ ፊት፣ የኋላዎቹ ወደ ኋላ እንዲስቡ፤ ቀበቶው የብረት ስለት እንዳይነካ፤ መኪናው ማርሽ ውስጥ ገብቶ የእጅ ፍሬኑ እንዲያዝ፤ ከጎማዎቹ ፊትና ኋላ የእንጨት ታኮ እንዲገባ። አማችየው ከእኛ ጋር ጋቢና ውስጥ ተጠጋግቶ ተቀመጠ። ጥቂት እንደሄድን አዛውንቱ ቆመው ቀበቶዎቹን አንድ በአንድ ዳሰሱ። አንዱ ላልቶ ስላገኙት ወጠሩት። ኩርባውን ስናልፍ ከኋላችን ምንም አልተንቀሳቀሰም።

ታች ከተማው ስንደርስ ሚኒባሱን አወረዱልኝና ልጃቸውን፣ «ነይ፣ አጎትሽ ቤት እንሂድ» አሏት። ለወንድማቸው ሚስት አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ «ቀኑ ደርሶ ነው» እያሉ የነገሯትን ማረም ፈልገው ነበር።

«ይቅር ባትልዎትስ?»

«እሱ የሷ ፈንታ ነው።»

የሆነውን በኋላ ልጅቱ ነገረችኝ። ሴትየዋ ሁሉንም ሰምተው ይቅር ብያለሁም፣ አላልኩምም አላሉም። በመጨረሻ፣ «ሌሎቹ ሹፌሮች ይህን ያውቃሉ?» ብለው ብቻ ጠየቁ።

አዛውንቱ እንደማያውቁ ተናገሩ።

ከዚያ ጊዜ ወዲህ እኒህ ሰው ጭነት ባይኖራቸውም በየማለዳው ከቁልቁለቱ አናት ላይ ይቆማሉ፤ ተሳቢ በመጣ ቁጥር አስቁመው የራሳቸውን ታሪክ ሳይደብቁ ይናገራሉ። በጎማ በጎማው የታሰረ መኪና ሳይጎዳ ይደርሳል፤ ሹፌሩ ሳይፈራ ፍሬን ይይዛል፤ ከኋላው የሚመጣ መንገደኛ አይቀጠፍም፤ ከሁሉም በላይ በተጫነው መኪና ውስጥ ነፍስ አይኖርም። የሚሰሟቸው አሉ፤ አርጅቷል ብለው የሚያልፏቸውም አሉ። ሰው ይዞ የሚያልፍ ተሳቢ ሲያጋጥማቸው፣ ኩርባው ዞሮ እስኪሰወር ድረስ ቆመው ያዩታል፤ ከዚያም የሚቀጥለውን ለማስቆም ወደ መንገዱ ይገባሉ።