«ለአንድ ሰዓት እንኳ ብቻውን አልተወውም»፦ በውሻው በማክስ ጉዳይ የተሰጠ የምስክር ቃል

የምስክር ስም፦ ቴዎፍሎስ ፍቃዱ ገብረመንፈስቅዱስ
ዕድሜ፦ 24
የትምህርት ደረጃ፦ የመጀመሪያ ዲግሪ፣ እንስሳት ሳይንስ
ሥራ፦ በመፈለግ ላይ
አድራሻ፦ ደብረ ብርሃን ከተማ፣ ጠባሴ
የተጠርጣሪ ስም፦ ዲያቆን ዘርአ ዳዊት ወልደተንሣኤ
የግል ተበዳይ፦ መምህርት ፍቅርተማርያም ገብረአብ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ መጋቢት 17 ቀን 2018 ዓ.ም.
ቃሉን የተቀበለችው መርማሪ፦ ሳጅን ደብሪቱ ብርሃኑ

ከተጠርጣሪው ጋር ዝምድና ወይም ጠብ እንዳለኝ ተጠይቄ፣ ዝምድና የለንም፤ ዩኒቨርሲቲ ከገባንበት ጊዜ ጀምሮ የማውቀው፣ ጠባሴ አንድ ክፍል ተከራይተን አብረን የኖርን ጓደኛዬ ነው። ጠብም የለንም። ቅናት ከጠብ ይቆጠር እንደሆነ መርማሪዋን ጠይቄ፣ «አንተ ተናገር እንጂ የሚቆጠረውን እኔ አውቃለሁ» ስላለችኝ ቃሌን እንደሚከተለው ሰጥቻለሁ።

በጥር ወር መጨረሻ መምህርት ፍቅርተማርያም በከተማው የቴሌግራም ቻናል ማስታወቂያ አወጡ። አዲስ አበባ ያለች ልጃቸው ልትወልድ ስለሆነ፣ እስከ ፋሲካ ቤታቸው ውስጥ እያደረ ቤቱንና ማክስ የተባለውን ውሻቸውን የሚጠብቅ ሰው ይፈልጉ ነበር። ማክስ የፈረንጅ ዝርያ ነው፤ የሚተኛውም ሶፋ ላይ ነው። ሥራውን በደንብ ለሠራ ሰው ወንድማቸው በሚያስተዳድሩት የእንስሳት እርባታ ድርጅት ቋሚ ሥራ እንደሚያስገኙለት ጽፈው ነበር። ከተመረቅኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነው፤ ማስታወቂያውን ሳነብ ስሜ የተጠራ ነው የመሰለኝ።

ማመልከቻዬን ራሴ ጻፍኩ። ሰላ ድንጋይ ከበግ ጠባቂ ውሾች ጋር ማደጌን፣ ውሻ ሲታመም ከጆሮው አያያዝ እንደማውቅ ገለጽኩ፤ ውሻ ሶፋ ላይ መውጣቱ እንደማይዋጥልኝም ሳልደብቅ ጻፍኩ። የዘርአ ዳዊት ስልክ ተሰብሮ ስለነበር የእኔን ተቀብሎ ስልኩ ላይ ያለውን የሚጽፍ ማሽን፣ ኤአዩን፣ «ለቤትና ለውሻ ጥበቃ ማመልከቻ ጻፍልኝ» አለው። ሻይ ሳይፈላ ደብዳቤው ወጣ። «ከልጅነቴ ጀምሮ ውሻ እግሬ ሥር እየተኛ ነው ያደግሁት» ይላል። «ለአንድ ሰዓት እንኳ ብቻውን አልተወውም» ይላል። አንብቤ ሳቅኩ፤ ምክንያቱም አባቱ ቄስ ወልደተንሣኤ አንኮበር የደብር አገልጋይ ናቸው፣ እሱም ቀዳሽ ነው፣ እነሱ ቤት ውሻ ደፍ አያልፍም፣ እሱ ደግሞ ውሻ የነካውን ልብስ ሳያጥብ ቤተ መቅደስ አይገባም።

«አንተ፣ ይሄ እኮ ውሸት ነው» ስለው፣ «እኔ መቼ ዋሸሁ፣ ማሽኑ ነው እንጂ። ላክልኝ በቃ» አለኝ። በራሴ ስልክ፣ በራሴ ካርድ ላክሁለት።

ለቃለ መጠይቅ ሁለታችንም ተጠራን። መምህርቷ የመጣላቸው ማመልከቻ ብዙ እንደሆነ፣ ግን ሁሉም አንድ እናት የወለደቻቸው እንደሚመስሉ፣ ሁሉም «ውሻ የቤተሰብ አባል ነው» ብለው እንደሚጀምሩ ነግረውን፣ «እንግዲህ ማክስ ይምረጥ» ብለው ውሻውን ለቀቁት። እኔ በትምህርት እንዳወቅሁት ቁጭ ብዬ የእጄን ጀርባ ዘረጋሁለት። አሸተተኝና አለፈኝ። ዘርአ ዳዊት በማግስቱ ቅዳሴ ስለነበረው ውሻው እንዳይነካው ፈርቶ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ቆሟል። ማክስ ሄዶ ጫማው ላይ ተኛ። መምህርቷ፣ «እርጋታውን አያችሁ? እግሩ ሥር ተኛ ብሎ የጻፈው እውነቱን ነው» አሉ። ዘርአ ዳዊት ዓይኑን ሳይገልጥ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለ። ቁልፉን የካቲት 12 ቀን ተረከበ።

ከዚያ በኋላ በዚያ ሰፈር ጉዳይ ሳይኖረኝ አልፍ ነበር። ሙቅ ውኃ አለው፣ ዋይፋይ አለው፣ ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ሥራ ይጠብቀዋል። የእኔ ሥራ። መጀመሪያ ሰሞን በአጥሩ ቀዳዳ ሳይ የማክስን ሳህን በመጥረጊያ እንጨት እየገፋ ነበር የሚያቀርብለት፤ ደስ አለኝ። በኋላ ግን በገመድ ይዞት ይወጣ ጀመር። ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ማክስን ከቅጥሩ ውጭ ከነዳያኑ ጋር ያስቀምጠዋል፤ ውሻውም ኪዳን እስኪያልቅ ከእነሱ ጋር ይጠብቀዋል። ለምን እንደሚያደርገው ስጠይቀው፣ «ብቻውን አልተወውም ብያለሁ፤ ከነሱ ጋር ደግሞ ብቻውን አይደለም» አለኝ። ሲቀልድ መስሎኝ ነበር፤ አልቀለደም።

ሁዳዴ ነውና የክርስቲያን ሥጋ ቤቶች ዝግ ናቸው። በመጋቢት መጀመሪያ አንድ ቀን፣ ሙስሊሞቹ ሊያፈጥሩ ሲሉ፣ ዘርአ ዳዊት ነጠላውን ፊቱ ላይ ስቦ፣ ጥቁር ፌስታል ይዞ ከሙስሊም ሥጋ ቤት ሲወጣ አየሁት። ለውሻው እንደሆነ አውቃለሁ፤ የተማርኩት ይህንኑ ነው፣ ማክስ ሽሮ በልቶ አይከርምም። ማታ ግን ለአከራያችን ለእትዬ አልታየች፣ «ዲያቆኑ በሁዳዴ ሥጋ ቤት ሲወጣ አየሁት» አልኳቸው። «ለውሻው ነው» የሚለውን አልጨመርኩም። እሳቸውም፣ «ውይ የኔ ልጅ፣ ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባ» ብለው ነጠላቸውን አንስተው ወጡ። በሳምንቱ ዘርአ ዳዊት ነገሩ እስኪጣራ ከቅዳሴ ታግዶ እንዲቆይ ተነገረው። ወሬው አንኮበር ደርሶ አባቱ «ና፣ በዓይንህ እያየኸኝ ንገረኝ» ብለው አስጠሩት። አባቱ እንደጠሩት ያኔ አላውቅም ነበር።

መጋቢት 14 ቀን ጠዋት መናኸሪያ ነበርኩ። ዘርአ ዳዊት ማክስን ብርድ ልብስ አልብሶ ወደ አንኮበር ሚኒባስ ሊያስገባው ከረዳቱ ጋር ይጨቃጨቃል። ረዳቱ «ዲያቆን፣ ሰውየው ቆሞ ይሄዳል ወይስ ይቀመጣል?» እያለ ተሳፋሪውን ያስቃል። ወዲያው ለመምህርት ፍቅርተማርያም ደወልኩ። «ማክስን ወደ አንኮበር እየጫነው ነው፤ ሊሸጠው ይሆናል» አልኳቸው። አለቀሱ። «ተከተልልኝ ልጄ። እውነት ከሆነ ቁልፉ ያንተ ነው» አሉኝ። በሚቀጥለው ሚኒባስ ተከተልኩት።

አንኮበር፣ ጎረቤላ ከተማ ስደርስ ጠይቄ ቤታቸውን አገኘሁ። ቄስ ወልደተንሣኤ በራቸው ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ ልጃቸው ፊታቸው ቆሟል፤ ውሻው ጫማው ላይ ተቀምጧል። የተነጋገሩትን በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

«ሥጋ ገዝተሃል?»
«ገዝቻለሁ አባ።»
«በልተሃል?»
«ይሄ ነው የበላው።»
«እሱንስ ለምን ይዘኸው መጣህ? ምስክር ልታደርገው ነው?»
«ለአንድ ሰዓት ብቻውን አልተወውም ብዬ ጽፌ ነው ቤቱን የተቀበልኩት።»
«ራስህ ጻፍከው?»
«ማሽን ጻፈልኝ።»

ቄሱ ውሻውን አዩትና፣ «ስምህን ከሥሩ ካስገባህ ያው ያንተ ቃል ነው። ጠብቀው እንግዲህ። ቤት ግን አይገባም» አሉት። እኔን ሲያዩኝ የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠይቀው፣ የልጃቸው ጓደኛ መሆኔን ሲሰሙ፣ «ታዲያ ምን ያቆምሃል፣ ግባ» አሉኝ። በዘርአ ዳዊት አልጋ ላይ ያደርኩት እኔ ነኝ። እሱ ከውሻው ጋር በረት አደረ። ገደሉ አፍ ላይ ያለ ቤት ነው፤ ብርዱ የሚታወቅ ነው። ጠዋት ስወጣ ጭድ ላይ ተኝቶ አገኘሁት፤ ማክስ እግሩ ሥር ተኝቷል፣ ጋቢውን ግማሹን ውሻው ለብሶታል። ደብዳቤው ላይ ያለው ነገር ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ያኔ ደግሞ ከበፊቱ ይበልጥ ቀናሁ።

ገዢ አልመጣም። ስለ ዋጋ የተናገረም ሰው አልነበረም። መምህርቷ ሁለት ጊዜ ደውለውልኝ ስልኩን አላነሳሁም። ባነሳ ኖሮ ክስ አያቀርቡም ነበር።

መጋቢት 15 ቀን ሦስታችንም በአንድ ሚኒባስ ተመለስን። የመምህርቷ ቤት በር ላይ ስንደርስ ፖሊሶች በመምህርቷ ክስ መሠረት ይጠብቁ ነበርና ዘርአ ዳዊትን ወሰዱት። ወዲያው መምህርቷ ደውለው ቁልፉን ተረክቤ ቤቱ እንድገባ ነገሩኝ። ገባሁ። በሙቅ ውኃ ታጠብኩ። ማክስ ግን የፖሊስ መኪናዋን ተከትሎ መጥቶ ኖሮ፣ እስካሁን የዚህ ጣቢያ በር ላይ ተኝቶ ይገኛል። ከዚያው ከሙስሊሙ ሥጋ ቤት ሥጋ ገዝቼ ትናንት አቀረብኩለት። እጄን አሸተተና አለፈኝ።

ተጠርጣሪው ውሻውን ሸጧል ወይም ሊሸጥ ሞክሯል ወይ ተብዬ ተጠይቄ፣ አልሸጠም፣ አልሞከረም ብያለሁ። «ሊሸጠው ይሆናል» የሚለው ቃል ከአፌ የወጣ እንጂ በዓይኔ ያየሁት አይደለም። የሥጋ ቤቱንም ወሬ ያስጀመርኩት እኔ መሆኔ ለደብሩ አስተዳዳሪ እንዲገለጽልኝ እጠይቃለሁ። የቤቱን ቁልፍ ለመርማሪዋ አስረክቤያለሁ፤ ለማን እንደሚሰጥ ማክስ ያውቃል። ዘርአ ዳዊት ሥራውን ቢያገኝ እቀናለሁ፤ አሁንም እየቀናሁ ነው፤ ይህ ግን የእኔ ነገር ነው እንጂ የሱ ወንጀል አይደለም።

ከላይ የሰፈረው ቃል ተነቦልኝ ሰምቻለሁ። ማንም አላስገደደኝም፣ ማሽንም አልጻፈልኝም። ያየሁትና የሰማሁት ይኸው ስለሆነ ከሥሩ ስሜን አስገብቻለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ቴዎፍሎስ ፍቃዱ
የመርማሪዋ ፊርማ፦ ሳጅን ደብሪቱ ብርሃኑ

የመርማሪ ማስታወሻ፦ አንድ ቁልፍ ተረክቤያለሁ። ምስክሩ ሲወጣ ውሻው ከበሩ አልተነሳም። ተጠርጣሪው ቃሉን ለመስጠት በበሩ በኩል ሲያልፍ ተነስቷል።