ከድር የሠራት ሰዓት
የባለቤቴን የከድርን ሞት በስልክ ስሰማ ላፕቶፑ ፊት ተቀምጬ ነበር፤ ዓይኔ እሱ በሠራት ትንሽ ሰዓት ላይ ቀረ። ኮምፒውተሩ የፈረንጅ ሰዓት ብቻ ስለሚያሳይ፣ ከጎኑ የእኛን የምታሳይ ፕሮግራም ሠርቶ ጭኖልኝ ነበር። እህቱ ፋጡማ «ግድግዳው ላይ ሰዓት ተሰቅሎ!» እያለች ትስቅበት ነበር።

ከሐዘኑ በኋላ ልጆቼን የማሳድግበት ሥራ ወጣ። ጠዋት በኢንተርኔት ልመዘገብ ስል ማስታወቂያው «በ2:00 ፒኤም ይዘጋል» ይላል። «አቦ ተይው! ሁለት ሰዓት አልፎ ሦስት ሆኗል» አለች ፋጡማ። ወደ ከድር ሰዓት ጠቆምኳት። «እዪ! የእኛ ሦስት የፈረንጅ ዘጠኝ ነው። የሚዘጋው በእኛ ስምንት ሰዓት ነው!» ቅጹን ሞልቼ ላክሁ፤ «ተመዝግበዋል» የሚል መልስ መጣ። ፋጡማ አጨበጨበች። «ወላሂ፣ ወንድሜ ሞቶም ረታኝ!» እሱ ከሞተ ወዲህ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅሁ። እናንተም ለከድር ዱዓ አድርጉለት፤ አላህ ቀብሩን ያስፋለት።