የፀጉር አስተካካዩ ጉልበት

ሽማግሌው ፀጉር አስተካካይ ዳቧቸውን በጉያቸው ይዘው የሚኖሩበት ፎቅ ደረጃ ላይ ቁጭ ብለዋል። አረፍ ያሉ ለመምሰል ወደ መስኮቱ ይመለከታሉ እንጂ፣ እውነቱ ጉልበታቸው ከድቷቸው መውጣትም መውረድም አቅቷቸው ነው። «እርዱኝ» ብሎ መጣራት ደግሞ ከሞት የባሰ መሰላቸው።

ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ፀጉር እየቆረጡ ሲያወሩና ሲያስወሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው አረፉ፤ ቀጥሎ ጉልበታቸው አላስቆም ቢላቸው ሱቁን ዘጉ፤ ያ ሁሉ ጨዋታ ጭጭ አለ። አሁን ወዳጃቸው ሬዲዮናቸው ነው። ዜና አንባቢው «እንደምን አመሻችሁ» ሲል «እግዚአብሔር ይመስገን» ይሉታል።

ከላይኛው ፎቅ የምትኖረው ወጣት ተመራማሪ ከሥራዋ ስትመለስ እንዲህ ተቀምጠው አገኘቻቸው።

«አባባ፣ ደህና ነዎት?»

«ደህና ነኝ ልጄ። ነፋስ እየተቀበልኩ ነው።»

«መስኮቱ እኮ ዝግ ነው።»

ሽማግሌው ሳቁ። ድምፃቸው ለራሳቸው እንግዳ ሆነባቸው። ልጅቱም አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ጉልበትዎን ነው?»

«አዎ። ጉልበት እንደ ሳሙና ነው፤ ባሻሹት ቁጥር ያልቃል። ስለዚህ እቆጥበዋለሁ፤ ዳቦ ካላለቀብኝ በቀር ከወንበሬ አልነሳም።»

«እኔ የምመራመረው በዚሁ ነገር ነው። ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሰዎች የጭናቸውን ጡንቻ እንዲያጠነክሩ እናደርጋለን። ከዚያ ሕመማቸውን እንጠይቃለን፣ ደረጃ አወጣጣቸውን እናያለን። ብዙዎቹ ቀለል ይላቸዋል።»

«የታመመው ጉልበቴ፣ የምታክሚው ጭኔን! ጥርሱን ያመመውን ሰው ጆሮውን ማሸት አይሆንም?»

«ጉልበት ብቻውን አይችለውም፣ አባባ። ሲረግጡ ክብደቱን የሚጋራው ከፊት ያለው የጭን ጡንቻ ነው። እርስዎ ሕመሙን ፈርተው ተቀመጡ፤ ሲቀመጡ ጡንቻው ሳሳ፤ ሲሳሳ ሸክሙ ጉልበትዎ ላይ ወደቀ። ይኸው ባሰብዎት።»

«እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ቆሜ የሠራሁት ሰውዬ፣ ጭኔ ይሳሳል?»

«ጡንቻ ውለታ አያውቅም። የሚያውቀው ሰሞኑን የሠራውን ብቻ ነው።»

«ታዲያ ጡንቻው ሲጠነክር የተበላውን መገጣጠሚያ መልሶ ያበቅለዋል?»

«አያበቅለውም። አልዋሽዎትም።»

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩዋት። ስንቱ ቅባት ሻጭ «ሁሉን ያድናል» ሲል ሰምተዋል። «ይህን አይችልም» የሚል ሰው ሲገጥማቸው ግን ይህ የመጀመሪያው ነበር፤ ያመኗትም ያን ጊዜ ነው። ቢሆንም ትልቁ ጥያቄያቸው ገና አልወጣም።

«እሺ፣ ጠነከረ እንበል» አሉ ዳቧቸውን እያገላበጡ። «ወርጄስ ወዴት እሄዳለሁ?»

«ለዚህ ጥናት የለኝም» አለች ልጅቱ። «እውነት የሚሄዱበት ሰው የለም?»

«አንድ ሾፌር ወዳጅ ነበረኝ። ከኋላችን ያለው መንገድ ላይ ነው ቤቱ። ታሞ ከቤት ዋለ አሉ። ጺሙን ከእኔ በቀር ማንም ነክቶት አያውቅም። አልሄድኩም። ደረጃ ፈራሁ ይባላል?»

ልጅቱ ደግፋ ቤታቸው አስገባቻቸውና ጠንካራ ወንበር ላይ አስቀምጣ እንቅስቃሴውን አሳየቻቸው። እግርን ቀጥ አድርጎ ማንሳት፣ ትንሽ ማቆየት፣ ቀስ ብሎ ማውረድ፤ ሲለምዱት ደግሞ በእጅ ሳይደገፉ ከወንበር መነሳትና ቀስ ብሎ መቀመጥ። «ጉልበትዎ ካበጠ ወይም ሕመሙ አድሮ ከባሰ ያቁሙና ሐኪም ያማክሩ» አለቻቸው።

መጀመሪያ ላይ አፈሩ። ባዶ ቤት ውስጥ ሬዲዮ ፊት እግር ማንሳት የእብድ ሥራ መሰላቸው። «አንተ ደግሞ አትሳቅ» አሉት ዜና አንባቢውን። ጭናቸው ዛለ፤ ተስፋ የቆረጡበትም ሳምንት ነበር። ልጅቱ ስታልፍ በር እያንኳኳች ስትጠይቃቸው ግን «አልሠራሁም» ማለት እያሳፈራቸው ቀጠሉ።

ክረምቱ አልፎ አንድ ጠዋት መቀሳቸውንና ምላጫቸውን በቦርሳ ይዘው ወረዱ።

ሾፌሩ ጺማቸው ደረታቸው ላይ ወርዶ መስኮት ሥር ተቀምጠው ነበር። ወዳጃቸው ሲገቡ ቀና ብለው አዩዋቸው።

«ሞትክ ብለውኝ ነበር።»

«ማነው ያለህ?»

«ማንም። የሚነግረኝ ሰው ሳጣ እኔው ነኝ ያልኩት።»

ፀጉር አስተካካዩ ቦርሳቸውን ከፈቱ። ውሃ አሞቁ፣ ሳሙናውን መትተው አረፋ አወጡ፣ ያን ሁሉ ጺም ቀስ እያሉ አወረዱት። ከሥሩ የወጣው ፊት ከስቷል፤ ግን ያው የወዳጃቸው ፊት ነው።

«እንዴት መጣህ? እኔስ ከዚህ ወንበር ለመነሳት ሰው እጠብቃለሁ» አሉ ሾፌሩ።

«በጭኔ መጣሁ» አሉና የሰሙትን ሁሉ አጫወቷቸው። «ሕመሙ ጨርሶ አልለቀቀኝም። ግን ከወንበር ስነሳ ጠረጴዛ አልለምንም። ደረጃ ስወርድ ግድግዳ አልታከክም። ዳቦዬን ሳልፈራ እገዛለሁ፣ ሌሊትም እንቅልፍ ይወስደኛል። ቤቴ ያው ባዶ ነው፤ አሁን ግን ጥዬው መውጣት እችላለሁ። በል፣ ሐኪምህ ከፈቀደ እግርህን አንሳ።»

«ሐኪሙማ ተንቀሳቀስ ብሎ ብሎ ሰልችቶታል። እኔ ነኝ እንቢ ያልኩት። በዚህ ዕድሜዬ?»

«በዚህ ዕድሜህ።»

ሾፌሩ የወንበሩን ጠርዝ ጨብጠው እግራቸውን አነሱ። እግራቸው ተንቀጠቀጠ፤ ግን ከመሬት ተነሳ።