እናቴ ያስተማረችኝ የኦይስተር ምርመራ

ስሙኝማ! እኔ የጭሮ ልጅ ባሕር ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት በሥራ ነው። ከውጭ የሚገባ ምግብ ተቆጣጣሪ ነኝ። አንድ አገር ኦይስተር የሚባለውን፣ ድንጋይ በሚመስል ቅርፊት ውስጥ የሚኖር የባሕር እንስሳ፣ ለሆቴሎቻችን ልላክ ብሎ ቁጥጥሩን እንድናይ ተላክን። ወረቀታቸው እንከን አልነበረውም። የፋብሪካው ኃላፊ አንድ ከረጢት ፈትቶ "በሕይወት ያለው ቅርፊቱን ይዘጋል፤ የከፈተው ሞቷልና አንልከውም" አለን። እውነትም ከላይ ያለው ሁሉ ግጥም ብሎ ተዘግቷል። ባልደረቦቼ "ጥሩ ነው" ብለው ሊጽፉ ሲሉ፣ እጄ ሳላዘው እስከ ክርኔ ከረጢቱ ውስጥ ገባ። ከመሃል ስድስት አወጣሁ፤ ስድስቱም ተከፍተዋል፣ ሽታቸውማ አይነሳ! የሰውዬው ፊት በርበሬ መሰለ።

"ይህን የት ተማርክ?"

"ጭሮ፣ ጫት ተራ" አልኩት።

እናቴ ከገለምሶ የመጣ ጫት ስትረከብ እስሩን ፈትታ "ከላይ ያለው ለዓይን ነው፤ አንተ መሃሉን እይ" እያለችኝ ነው ያደግኩት። አሠራራቸውን እስኪያስተካክሉ ድረስ ፈቃድ ከለከልናቸው።

ጭሮ እንደገባሁ በቀጥታ መደቧ ድረስ ሄጄ እየፎከርኩ ነገርኳት። እልል ትላለች ስል፣ ለምለም ለምለሙን ከላይ እያደረገች ጫቷን ማሰሯን ሳታቋርጥ፣ ግራ ቀኝ አይታ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ማሻአላህ፣ ኢልማ ኮ፣ የኔ ልጅ! ግን በአላህ፣ ደንበኞቼ ፊት ይቺን ነገር እንዳታወራብኝ።"